የሕፃናት አስተማሪዎች ደመወዝ የነጋዴም ጉዳይ ነው

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ጭነት መኪና እጥረት፣ ስለ ኮረሪማና ስለ ማር ገበያ፣ ስለ ግብርና ስለ ባንክ ብድር በየጊዜው ሲጻፍ እናነባለን። ይህም የሚገባ ነው፤ ነጋዴ የንግዱን ነገር ካላሰበ ሌላ ማን ያስብለታል? እኔ ግን ዛሬ የማቀርበው አሳብ በመጀመሪያ ሲታይ ከንግድ ጋራ ግንኙነት ያለው የማይመስል ስለሆነ፣ የተከበሩ አንባብያን እስከ መጨረሻው እንዲታገሡኝ በቅድሚያ እለምናለሁ። ጉዳዩም በከተማችን በቦንጋና በአካባቢዋ በሚገኙት መዋዕለ ሕፃናትና የሕፃናት ማቆያ ቤቶች የሚሠሩት አስተማሪዎችና ሞግዚቶች የሚያገኙት ደመወዝ፣ እንዲሁም እነዚህ ሰዎች በሥራቸው ላይ ሳይሰነብቱ የሚሄዱበት ምክንያት ነው።

እኔ በአንድ ቡና አቅራቢ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ ብዙ ዓመታት ሆኖኛል። ትምህርቴ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ስለዚህ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ የምናገረው የቀን ሠራተኞችን መዝገብ እንደምትይዝ ጸሐፊና እንደ አራት ልጆች እናት ነው እንጂ እንደ ሊቅ አይደለም። ሊቃውንቱ የሚሉትን ቢሆን እነርሱው ቢናገሩት ይሻላል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው የቡና ወቅት ያየሁት ነገር ነው። በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ጀንፈል ቡና የሚያገላብጡና የሚለቅሙ ሴቶች እንደ ልማዳቸው በመጋዘናችን በር ላይ ተሰልፈው ነበር። እኔም ተቀምጬ ስማቸውን በተራ እመዘግባለሁ። ተራዋ የደረሰ አንዲት ወጣት ሻሽዋን ወደ ግንባሯ ዝቅ አድርጋ ስሟን በዝግታ ስትነግረኝ ድምፅዋ የማውቀው መሰለኝ። ቀና ብዬ ባያት የመጨረሻው ልጄ አስተማሪ ሆና አገኘኋት። ኮሌጅ ገብታ የተማረች፣ ልጄን በየማለዳው በበር ላይ ተቀብላ ጫማውን የምታስተካክልለት ሴት ናት። ሁለታችንም አፈርን። «ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ እትዬ፣ ለትምህርት ቤቱ ሰዎች እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ። እኔም ስሟን ጻፍሁ።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ለአንድ ለቃሚ በቀን የምንከፍለውን ገንዘብ በሃያ ስድስት ቀን አባዝቼ አስተማሪቱ ከምታገኘው የወር ደመወዝ ጋራ አስተያየሁት። የቀን ሥራው ይበልጣል። ስሕተት ሠርቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ብቆጥረው ውጤቱ ያው ሆነ። በታኅሣሥ ወር ወጣቲቱ ቅዳሜና እሑድ ብቻ መምጣቷ ቀርቶ ሙሉውን ሳምንት ትመጣ ጀመር፤ ማስተማሩን ትታው ነበር። ልጄ በበኩሉ «ቲቸር የታለች?» እያለ ሦስት ማለዳ አልሄድም ብሎ አለቀሰ። በአራተኛው ቀን ሌላ አስተማሪ መጣችለት፤ እርስዋም ከፋሲካ በፊት ሄደች። በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው መሆኑ ነው።

ይህን ነገር ለአሠሪዬ በነገርኋቸው ጊዜ፣ «ልጅ መያዝ ደግሞ ምን ሙያ ይጠይቃል? እናቶቻችን ያለ ዲፕሎማ አሳድገውን የለም ወይ?» አሉኝ። እኔም፣ «ጋሼ፣ ቡናስ የማይጠጣ ማን አለ? ሆኖም ምርታችን ወደ ምርት ገበያው መጋዘን ሲገባ ደረጃውን የሚያወጣለት ቀማሹ ነው፤ ለርሱም ሙያ ነው ተብሎ ይከፈለዋል» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ቀማሹ ቢሳሳት የምከስረው እኔ ነኛ» አሉ። ከዚህ በላይ ባይናገሩም ነገሩ እንደ ገባቸው ተረዳሁ። በሕፃን ላይ የሚደርሰው ኪሳራ ግን በዚያው ሳምንት በደረሰኝ ተጽፎ ስለማይመጣ ለማየት ያስቸግራል።

መቼም ልጅ ያሳደገ ሁሉ እንደሚያውቀው የሁለትና የሦስት ዓመት ሕፃን ፊደል ከመቍጠሩ በፊት የሚማረው ሰውን ማመን ነው። የምታጎርሰውን፣ ሲወድቅ የምታነሣውን፣ ሲያለቅስ ያለቀሰበትን ምክንያት ሳይናገር የምታውቅለትን ሴት ያምናል። ይህ እምነት በአንድ ሳምንት አይገነባም። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የሰው አእምሮ እንደ መጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ፈጥኖ የሚያድግበት ዘመን የለም፤ ቋንቋም በዚሁ ዕድሜ ይዘረጋል። በእኛ አገር ደግሞ ለዚህ ነገር አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ብዙዎቹ የካፋ ልጆች ከቤታቸው ይዘው የሚመጡት አፍ ካፊኖኖ ነው። ቋንቋውን የምታውቅ አስተማሪ ስትሄድ በርስዋ ቦታ የምትተካው ከሌላ አገር የመጣች፣ መልካም ሰው ብትሆንም ካፊኖኖ የማትሰማ ልትሆን ትችላለች። በዚያን ጊዜ ሕፃኑ ሽንቱ እንደ መጣ እንኳ የሚነግረው ሰው ያጣል። ይህን የምለው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። ቋንቋውንም ልጁንም የምታውቅ ሴት ከተገኘች በኋላ በጥቂት መቶ ብር ምክንያት እንድትሄድ መልቀቃችን ሲታሰብ ግን የሚያስቆጭ ነው።

አሁን ወደ ንግድ ቤታችን ልመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን፣ በጠቅላላው 120 ቀን ከነደመወዝዋ እንድታርፍ ይፈቅዳል። ይህ የሚመሰገን ሕግ ነው። ነገር ግን ፈቃዱ ሲያልቅ እናቲቱ የምትመለሰው ገና ቁጭ ማለት ያልቻለ ሕፃን በቤቷ ትታ ነው። ለማን ትታ? እኔ የመጀመሪያ ልጄን በወለድሁ ጊዜ እናቴ ከጎኔ ነበረች፤ ዛሬ በከተማ የሚሠሩት ወጣቶች ግን እናቶቻቸው በገጠር ቀበሌ ናቸው፤ እንሰቱንና ከብቱን ጥለው ሊመጡ አይችሉም።

ከሦስት ዓመት በፊት በንግድ ቤታችን የነበረች አንዲት ሒሳብ ያዥ የደረሰባትን ላንሣ። ፈቃዷን ጨርሳ በተመለሰች ጊዜ ልጅዋን እንድትይዝላት ከገጠር ያመጣቻት ሞግዚት፣ ራስዋ ትምህርት ቤት መዋል የሚገባት ልጅ ነበረች። በገና ሰሞን ልጅቱ ወላጆቿን ልጠይቅ ብላ እንደ ሄደች ቀረች። ሒሳብ ያዥዋም አንድ ሳምንት ሕፃኑን አዝላ መጣች፤ በሁለተኛው ሳምንት የሥራ መልቀቂያዋን ለኔ ሰጠችኝ፤ እኔም መዘገብሁት። ጊዜው እሸት ቡና ያስረከቡን ገበሬዎች ሒሳብ የሚዘጋበት ነበር። በርስዋ ቦታ የተቀጠረው ሰው ሥራውን እስኪለምድ ድረስ ሁለት ወር የሞላ መዝገቡ ተዛባ፤ ከአቅራቢዎች ጋራ የነበረንን ቀሪ ሒሳብ ለማጣራት ምን ያህል ሌሊት እንዳመሸሁ የማውቀው እኔ ነኝ። አሠሪዬ ያን ዓመት በዚህ ምክንያት ያጡት ገንዘብ የአንድ ጥሩ ሞግዚት የዓመት ደመወዝ ይከፍል እንደ ነበር አልጠራጠርም። ከእኛ ቤት ሌላ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ነጋዴ በከተማችን የለም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ልሰማው ዝግጁ ነኝ።

በአገራችን ሕፃናትን ሰብስቦ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ለብዙ ዘመን ኖሯል። የኔታ በአንድ ደብር ጥላ ሥር ተቀምጠው አባትንም ልጅንም ፊደል ያስቈጥሩ ነበር እንጂ በየዓመቱ አይለዋወጡም ነበር። ለዚህም ምክንያቱ ትዕግሥታቸው ብቻ አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ከደብሩ የሰሞን መሬት የሚያገኙት ድርሻ ነበራቸው፤ ወላጆችም እህልና ማገዶ ያመጡላቸዋል። ሆዳቸው የሚሞላው በዚያው በሚያስተምሩበት ቦታ ነበር ማለት ነው። እንደ ዛሬው ያለው መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ወደ አገራችን የገባው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በድሬዳዋ ለፈረንሳውያን የምድር ባቡር ሠራተኞች ልጆች ተብሎ ነው። የንግድ ሰዎች ይህን ልብ እንዲሉልኝ እወዳለሁ፤ የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት የተከፈተው ሠራተኛ በሚያስፈልገው ሥራ አካባቢ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ስለ መዋዕለ ሕፃናት ቢናገርም ማቋቋሙ በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ድርጅቶችና ለማኅበራት የተተወ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሦስት ሚኒስቴሮች፣ ማለት የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ፣ በአንድነት የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ቀጥሎም በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ኦ ክፍል» የሚባለው ተከፈተና በ2003 ዓ.ም. ከመቶ 5 እጅ ገደማ የነበረው የቅድመ አንደኛ ተማሪዎች ቍጥር በ2007 ዓ.ም. ከመቶ 39 እጅ ገደማ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲም ቅድመ አንደኛውን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎታል። ልጆቹ በዚህ ፍጥነት ሲመጡ የአስተማሪዎቹ ኑሮ ግን በዚያው ልክ አልታሰበበትም። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ሕፃናት ነገሩ የባሰ ነው፤ እነርሱን የሚይዝ ሰው በብዙ ቦታ አስተማሪ ተብሎ እንኳ አይጠራም፤ ሞግዚት ነው የሚባለው፤ ስሙ ዝቅ ሲል ደመወዙም አብሮ ዝቅ ይላል።

አስተማሪዎቹ ስለ ምን ይሄዳሉ? ከብዙዎቹ ጋራ ተነጋግሬአለሁ። የመጀመሪያው መልሳቸው ሁሉም እንደሚገምተው የደመወዙ ማነስ ነው። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሠራተኞቹን ደመወዝ ሲያሻሽል ዝቅተኛው ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ወስኗል። ለመንግሥት ሠራተኞች ደስ ብሎናል። ነገር ግን በግል መዋዕለ ሕፃናት የምትሠራው ሴት በዚያው ገበያ፣ በዚያው ዋጋ ጤፍና ዘይት ትገዛለች። ቦንጋ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መንግሥት መቀመጫ ስለ ሆነች መሥሪያ ቤቶች በዝተዋል፤ የቤት ኪራይም ተወዷል። ስለዚህ ጽሕፈት የምትችል ወጣት አስተማሪ የአንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ በሰሌዳ ላይ ባየች ቍጥር ልብዋ ይሸፍታል፤ እኔም በርስዋ ቦታ ብሆን አመለክት ነበር።

ሁለተኛው መልሳቸው ግን እኔን ያስገረመኝ ነው። አንዳንድ ቤቶች የሚከፍሉት አሥር ወር ብቻ ነው። ሰኔ አልቆ ልጆቹ ሲበተኑ ደመወዙም አብሮ ይበተናል፤ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ የማያባራበት፣ እህል የሚወደድበት ጊዜ፣ ያለ ሳንቲም ይታለፋል። በመስከረም የሚመለሰው ሌላ ሥራ ያላገኘው ብቻ ነው። ከዚህም ጋራ የጡረታው ነገር አለ። ሕጉ የግል ድርጅት አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው ደግሞ 7 በመቶ ለጡረታ እንዲያዋጡ ያዛል። ለምሳሌ ደመወዟ 5,000 ብር ለሆነች አስተማሪ አሠሪው 550 ብር፣ እርስዋ 350 ብር ታዋጣለች ማለት ነው። ነገር ግን የሥራ ውል በጽሑፍ የሌላት፣ በጡረታም ያልተመዘገበች ሴት ዐሥር ዓመት ብትሠራም በመጨረሻ በእጇ የሚቀራት ነገር የለም። ይህን ካወቀች በኋላ እንድትቆይ የምንመክራት በምን አፋችን ነው?

በዚህ ቦታ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ባለቤቶች ልከራከርላቸው እወዳለሁ። ብዙዎቹ ሀብታሞች አይደሉም። ቤት ተከራይተው፣ ወንበርና ፍራሽ ገዝተው፣ ከወላጅ በሚሰበስቡት ክፍያ ብቻ የሚያድሩ ናቸው። ክፍያውን ከፍ ቢያደርጉ ድኻው ወላጅ ልጁን ወስዶ በቤት ያስቀምጠዋል፤ ዝቅ ቢያደርጉ አስተማሪዋ ትሄዳለች። የአንዲት ሞግዚት እጅ ደግሞ ሁለት ብቻ ነው፤ እንደ ወፍጮ ብዙ እህል በፍጥነት ሊፈጭ አይችልም፤ ሕፃናቱ ሲበዙባት ሥራው ይበላሻል እንጂ አይረክስም። ስለዚህ ችግሩ በባለቤቶቹ ስስት ብቻ የመጣ አድርጎ መናገር ፍርደ ገምድልነት ነው። ከወላጅ ኪስና ከአስተማሪ ደመወዝ መካከል ያለውን ጉድለት የሚሞላ ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ጥቂት ገንዘብ ቢጨመርላቸው በእርግጥ ይቆያሉ ወይ? በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ይኸው ነገር ተፈትኗል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በዚያ የሚገኙ የሕፃናት አስተማሪዎች በዕጣ ተለይተው ለአንዳንዶቹ በስምንት ወር ውስጥ በሥራቸው ላይ ከቆዩ እያንዳንዱ 500 ዶላር የሆነ ሦስት ክፍያ፣ በጠቅላላው 1,500 ዶላር እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። ለሌሎቹ ግን አልተሰጠም። ጊዜው ሲያልቅ፣ ጉርሻው ካልተሰጣቸው መካከል ሥራቸውን የለቀቁት ከመቶ 25 ሲሆኑ፣ ከተሰጣቸው መካከል የለቀቁት ከመቶ 14 ብቻ ሆነው ተገኙ። በግል የሕፃናት ማቆያ ቤቶች ደግሞ ከመቶ 30 የነበረው ወደ 15 ወረደ፤ በግማሽ ተቀነሰ ማለት ነው። አሜሪካና ካፋ አንድ አይደሉም፤ ይህን እኔም አውቃለሁ። ሆኖም በዚያ የተገኘው ነገር በመጋዘናችን በር ላይ ካየሁት ጋራ ይስማማል። ሴቲቱ ሥራዋን ጠልታ አልሄደችም፤ ሒሳቡ አልሞላላት ብሎ ነው የሄደችው።

ስለሆነም ለንግድ ምክር ቤታችን አባሎች የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። ለአብነት ያህል 40 ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው በወር 300 ብር ቢያዋጡ በወር 12,000 ብር፣ በዓመት 144,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በ24 አስተማሪዎችና ሞግዚቶች ላይ ቢደለደል ለእያንዳንዳቸው 6,000 ብር ይደርሳል። ግማሹ በጥር መጨረሻ፣ ግማሹ ደግሞ መስከረም ላይ፣ ወደ ሥራቸው በተመለሱበት ሳምንት፣ በራሳቸው የባንክ ደብተር ይግባላቸው። መስከረም ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሰኔ ቢሰጥ ተቀብሎ መሄድ ይመጣል። 300 ብር ለአንድ ነጋዴ ምን ያህል እንደሆነ የእንግዳ መቀበያ ሒሳባችሁን የምትጽፍ ጸሐፊ ታውቀዋለችና ስለዚህ ብዙ አልናገርም።

እርግጥ ነው፣ አንድ ብልህ ነጋዴ ወዲያውኑ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። እኛ ከጨመርን ባለቤቱ ከራሱ ይቀንስ የለም ወይ? ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። ስለዚህ ጉርሻው የሚሰጠው ሦስት ነገር ላሟሉ ቤቶች ሠራተኞች ብቻ መሆን አለበት፤ የሥራ ውላቸው በጽሑፍ የሆነ፣ በጡረታ የተመዘገቡ፣ ደመወዛቸውም ለዐሥራ ሁለት ወር የሚከፈል መሆን አለበት። ደመወዙ ካለፈው ዓመት ዝቅ ያለበት ቤት ከመዝገብ ይሰረዛል። ሰነዱን ለማየት ትልቅ ቢሮ አያስፈልግም፤ በየንግድ ቤቱ ያለን ጸሐፊዎች በዓመት ሁለት ቀን ብንሰበሰብ እንጨርሰዋለን፤ እኔም ያለ ክፍያ ለመሥራት ቃል እገባለሁ። ለክረምቱ ሁለት ወር ባለቤቶቹ ገንዘቡን ከየት ያመጣሉ ቢባል፣ የዓመቱን ክፍያ ለዐሥራ ሁለት ከፍለው ቢሰበስቡት ወላጅም በመስከረም አንድ ጊዜ ከሚጨነቅ በየወሩ ጥቂት ጥቂት መክፈሉን ይመርጣል ብዬ እገምታለሁ።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚልም አይጠፋም። መንግሥት የበኩሉን ማድረግ እንዳለበት አልክድም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በቀዳማይ ልጅነት ልማት ብዙ እንደ ደከመ ይታወቃል። ነገር ግን የመንግሥት ማቆያ የሚያገለግለው በመጀመሪያ የመንግሥቱን ሠራተኛ ነው። የሱቅ ሻጭ፣ የመጋዘን ለቃሚ፣ የምግብ ቤት አስተናጋጅ የእኛ ሠራተኞች ናቸው። ለጭነት መኪናችን መንገዱ እስኪጠገን ድረስ መንግሥትን ስንጠብቅ በዚያ መካከል ጎማ እንገዛ የለም ወይ?

በመጨረሻ ስለ ቡና ወቅት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ብቻ የሚቀር አይደለምና። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በየማድረቂያው ሜዳ የሚሠሩት ሴቶች ብዙዎቹ ሕፃን አዝለው ነው የሚመጡት። ሕፃኑ በጀርባ ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ፀሐይና አቧራ ይጠጣል፤ መሄድ የጀመረው ደግሞ በአልጋዎቹ ሥር ሲድህ ይውላል፤ አንድ ጊዜ በመኪና ጎማ አጠገብ ሆኖ አግኝቼ ያነሣሁትን ልጅ አልረሳም። አሽከርካሪው ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። ቀጥለው የሚገኙ ሦስት አራት መጋዘኖች በአንድነት አንድ ጥላ ቢያቆሙ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ምንጣፍና ሁለት የታወቁ ሞግዚቶች ቢቀጥሩ፣ እናቶቹ እየተነሡ ለማየት የሚያጠፉት ሰዓት ይተርፋል፤ ለቀማውም ይጠራል። በትምህርት ዓመቱ በግማሽ ቀን የሚሠሩ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎችም ከሰዓት በኋላ በዚያ ተጨማሪ ገንዘብ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ቡና ከሚለቅሙ ሙያቸውን ቢሠሩ ይሻላል።

አሠሪዬ ይህን ጽሑፍ ሳይላክ አንብበውታል። ስለ እንግዳ መቀበያው የጻፍሁትን መስመር አውጪው ብለውኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሳቅ ብለው «ተይው» አሉ፤ የመጀመሪያውንም 300 ብር እሰጣለሁ ብለዋል። የተከበሩት የምክር ቤቱ ሊቀ መንበርና ጸሐፊ ጉዳዩን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንዲያስገቡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ያቺን አስተማሪም ባለፈው ሳምንት በቅዳሜ ገበያ አግኝቻት፣ ደመወዙ እንደዚህ ቢሻሻል ትመለሺ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ለጥቂት ጊዜ ካሰበች በኋላ፣ «እትዬ፣ የክረምቱስ ነገር?» ስትል መልሳ ጠየቀችኝ። ከስብሰባው በኋላ እነግርሻለሁ ብያታለሁ።